ምሰሶውን ያቆመ እጅ

ሐምሌ 5 ቀን 2016፣ ዓርብ

ይህን ደብተር የገዛሁት እንግዶች ስማቸውንና አስተያየታቸውን እንዲጽፉበት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሐይቅንና አካባቢዋን የጎበኙ እንግዶች መዝገብ» ብዬ በትልቁ ጽፌያለሁ። ከዚያ በኋላ አንድም እንግዳ አልመጣም። መንገዱ አንድ ሳምንት ቢከፈት ሁለት ሳምንት ይዘጋል። በዚህ ዘመን የሐይቅ ከተማ አስጎብኚ ከባጃጅ ሹፌሮች ጋር ካርታ ከመጫወት ሌላ ሥራ የለውም። ደብተሩ ባዶውን ከሚቀር የኔን ብሶት ይሸከም።

ዛሬ ለጁምዓ ቀለም ሜዳ ወረድኩ። ቀለም ሜዳ የተወለድኩበት መንደር ነው፣ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ። ከዐረፋ ወዲህ አልሄድኩም ነበር። ሰላቱ እንዳለቀ ባድሩ ተነሣ። ባድሩ የሚስቴ የሂዳያ ታላቅ ወንድም ነው። ሐይቅ ላይ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ሱቅ አለው፣ የመስጊዱ ኮሚቴ ጸሐፊም እሱ ነው።

«ጀመዓ፣ ብሥራት አለኝ» አለ። ደሴ የሚኖር አንድ የመንደራችን ተወላጅ ነጋዴ አዲስ መስጊድ ሊያሠራልን ነው። በብሎኬት፣ ሚናራ ያለው፣ ለሴቶች የራሳቸው ክፍል ያለው። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። እስከ ጥቅምት መባቻ ቦታው ተጠርጎ እንዲጠብቀው።

ቦታው የሚለው አሮጌውን መስጊድ ነው።

ሰው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ» አለ። እኔ ብቻ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንግዳ ያመጣሁበትን፣ በየወረቀቱ «ሊጎበኙ የሚገባቸው ጥንታዊ የእምነት ስፍራዎች» ብዬ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀጥሎ የጻፍኩትን መስጊድ ሊያፈርሱት ነው። ባድሩ ከትናንት ወዲያ ቤቴ ምሳ በልቷል። ትንፍሽ አላለም።

ሐምሌ 6

ሂዳያን «ታውቂ ነበር?» አልኳት። ልብስ ታጣጥፍ ነበር። «ወንድሜ የሚሠራውን ሁሉ ለኔ ይነግረኛል እንዴ?» አለችኝና ያጣጠፈችውን ሸሚዝ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው።

ታውቅ ነበር።

ሐምሌ 11

ነገሩን ላላየ ሰው ልጻፈው። ምናልባት አንድ ቀን ከዚህ ጽሑፍ ሌላ ምስክር አይኖረውም።

መስጊዱ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው። ግድግዳው ክንድ ከስንዝር ይወፍራል። ለእንግዳ ሦስት መቶ ዓመት ሆኖታል እላለሁ። ሸህ አብደላ፣ ኢማማችን፣ ይህን በሰሙ ቁጥር «ማን ቆጠረው ልጀ?» ብለው ይስቁብኛል። ውስጡ አሥራ ሁለት የወይራ ዓምድ አለ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ አንድ የጥድ ምሰሶ። የመስጊዱ ታሪክ ያ ምሰሶ ነው።

ድሮ መስጊዱ ሲሠራ ጣሪያውን የሚችል ረጅም እንጨት ቀለም ሜዳ ላይ ጠፋ። ከሸንተረሩ ላይ ያለው የክርስቲያኖች መንደር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ግን አንድ ጥድ ነበር። ወልዴ የሚባል ገበሬ ካህናቱን ለምኖ፣ ጥዱን አስቆርጦ፣ የመንደሩን ወንድ አሸክሞ አመጣው። በገዛ እጁም አቆመው። ሲያቆመው ታዲያ እንዲህ አለ ይባላል፦ «በኔ እጅ ቁሟል፤ ቀኑ ሲደርስ በኔው ዘር እጅ ይውረድ።» ከዚያ ወዲህ ጣሪያው በታደሰ ቁጥር፣ ሣሩ በቆርቆሮ ሲተካም ጭምር፣ መጀመሪያ የሚወጣው የወልዴ ቤት ሰው ነው። ለመውሊድም እንጨት ጭነው የሚመጡት እነሱ ናቸው። የነሱ በሬ በነሱ እጅ ይታረድላቸዋል፣ የኛ በኛ፣ ዳሱ ግን አንድ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ሲታደስ ድንጋዩን ያጋዙት የኛ አባቶች ናቸው።

ዛሬ የወልዴ ዘር ለሆነው ሰው ይህን ላስታውሰው ሸንተረሩን ወጣሁ። አምሳሉ ይባላል። አብረን ከብት ጠብቀናል፣ አብረን ተምረናል፣ ሰባተኛ ክፍል በአንድ ቀን ነው የወደቅነው።

«ሰምተሃል?» አልኩት።

«ሰምቻለሁ።»

«እና?»

ዶማውን አስደግፎ አሰበ። «እኔ ሳልነካው የቀለም ሜዳ እስላም መጥረቢያ ያነሣል ብለህ ነው? አብሽር።»

ይኸው ነው። አብሽር አለኝ። ስወርድ መንገዱን ሁሉ አንጎራጎርኩ። ከመስጊዱ በምሥራቅ በኩል ያለውን የሜዳዬን አጥር ጎርፍ ሁለት ቋሚ አዝምሞበት አይቼ ደግፌው ነው የመጣሁ።

ሐምሌ 15

ማመልከቻ ይዤ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው። «መስጊዳችን ቅርስ ነው፣ አይፍረስብን» የሚል። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ጣት። የባድሩ አጎት እንኳን ፈረመ! በየቤቱ ግባ፣ ተቀመጥ፣ ቆሎ ብላ፣ ከዚያ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያስቀምጡልኛል። አንድም ሰው እምቢ አላለኝም። ሕዝቡ ከኔ ጋር ነው፣ ባድሩ ብቻውን ነው የቀረው።

ሐምሌ 16

ሠላሳ አንድ ጣት ደረሰ። ሸህ አብደላም ፈረሙ። ሲፈርሙ «አላህ ልብህን ይክፈትልህ» ብለው መረቁኝ። ደስ ብሎኝ እጃቸውን ሳምኩ።

ሐምሌ 23

ዝናቡ ሌት ተቀን ነው። ሐይቅ ላይ መብራት ከጠፋ ሦስት ቀኑ።

እማን ልጠይቅ ወረድኩ። እናቴ ዑምኩልሱም ትባላለች፣ ቤቷ ከመስጊዱ በታች ነው። ታስላለች። ዕድሜ ነው፣ የክረምት ጉንፋንም ነው። ሴቶቹ የሚሰግዱበት ዳስ በኋላ በኩል ስለሆነ ሰሞኑን ውኃ ገብቶበታል፣ እሷም እርጥብ ሰሌን ላይ ሰግዳ ነው የበረዳት። ሐይቅ እኔ ጋ ነይ፣ ቤቴ ደረቅ ነው አልኳት። «መስጊዱን ትቸ?» አለችኝ።

ሰሜኑ ግድግዳም ሆድ አውጥቷል። ከሦስት ክረምት በፊት የቅርስ ባለሙያዎች አምጥቼ አሳይቼ ነበር። «እናስጠግነዋለን» አሉኝ፣ እኔም በመውሊድ ቀን ቆሜ «ጣሪያው ሊጠገን ነው» ብዬ ለጀመዓው አበሠርኩ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ባለሙያዎቹ ስልክ ማንሣት ተዉ። ታዲያ ይህ የኔ ጥፋት ነው? ሸህ አብደላ ዛሬ ጣሪያው በሚያፈስበት ሥር ባልዲ ሲያስቀምጡ አይተውኝ «ያንተ ባለሙያዎች ጤና ናቸው?» አሉኝ። ቀልድ መሆኑ ነው።

ነሐሴ 3፣ ዓርብ

ስብሰባው ተደረገ።

ከጁምዓ በኋላ ከመስጊዱ ደጅ ቁጭ አልን። ባድሩ ስለ አዲሱ መስጊድ ተናገረ። እኔም ተራዬ ሲደርስ ማመልከቻዬን ብድግ አደረግሁና «ሠላሳ አንድ ሰው ፈርሟል! ይኸው ጣታችሁ!» አልኩ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ባድሩ አልተቆጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሽ፤ አሮጌው ይጠገንልን፣ አዲሱም ይሠራልን የሚል ማነው?» አለ። ሁሉም እጁን አወጣ። «እኔም የምለው ይሄን ነው። ግን ቦታ የት አለ? በሰሜን መቃብሩ ነው። በምዕራብ ገደሉ ነው። በደቡብ መንገዱ ነው። ሌላ ቦታ ቢኖር ኖሮ ማን ያፈርሰው ነበር?» አለ።

ያኔ ሁሉም ወደኔ አየ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ወረቀቱ እጄ ላይ ስለነበር ይሆናል።

ከዚያ ባድሩ «እንግዲያው አሮጌው ፈርሶ አዲሱ ይሠራ የሚል?» አለ። አንድ በአንድ እጆች ወጡ። የፈረሙልኝ እጆች! አውራ ጣታቸው ላይ የኔ ቀለም ገና አልለቀቀም ብል ማጋነን አይሆንም። ሸህ አብደላም አወጡ። ከሴቶቹ ወገን ዞር ብዬ አየሁ። እማም አውጥታለች።

ሲበተን ሸህ አብደላን መንገድ ላይ ያዝኳቸው። «ሸህየ፣ ፈርመውልኝ የለም ወይ?»

«ልጀ፣ ቤቴ ድረስ ወረቀት ይዘህ መጥተህ እንዴት አሳፍሬ ልመልስህ? የቀለም ሜዳ ሰው ቤቱ የመጣን ልጅ እምቢ ይላል?» አሉኝ። «ጣታችንን የሰጠንህ ላንተ ነው። ለወረቀቱ አይደለም።»

ሠላሳ አንድ ሰው በይሉኝታ ፈርሞልኛል። እኔ ደግሞ የዚህ አገር ልጅ ሆኜ፣ እዚሁ ተወልጄ አድጌ፣ ቆሎ እያቀረቡ የሰጡኝን ጣት እውነት መስሎኝ ቆጠርኩት።

ነሐሴ 4

ወረቀቱን ቀደድኩት። ከዚያ ለቅሜ ደብተሩ ውስጥ ከተትኩት። ሂዳያ አይታኛለች። ከወንድሟ ጋር በስልክ ስታወራ «ተወው፣ ሆድ ብሶታል» ስትል ሰምቻለሁ። ለባድሩ ታዝንለታለች እንጂ ለኔ አይደለም።

ነሐሴ 12

እማን ኮረፍኳት። ዳቦና ስኳር ላኩላት፣ ራሴ አልገባሁም። ደጃፏ ቆሜ ግን ከጎረቤቷ ጋር ስታወራ ሰማሁ።

«ምነው እጅሽን አወጣሽበት፣ ልጅሽ አይደል?»

«ልጀ ነው። አባቱ ያለውን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ምን ልበል? የሱን ነገር በአደባባይ ላውጣው?»

ከዚያ ሳሏ ጀመራትና ሌላውን አልሰማሁም። ዳቦውን በልጅ ላክሁት።

አባቴ ብዙ ነገር ብሏል። የሞተ ሰው ያለውን ሁሉ ማን ያስታውሳል።

ነሐሴ 20

አምሳሉ ሐይቅ ድረስ መጣ፣ ገበያ ወጥቶ። ጾም በመፈታቱ ፊቱ መለስ ብሏል። ምግብ ቤት አስገብቼ ምሳ ጋበዝኩት። እኔ አሣ፣ እሱም አሣ፤ በአሣ አንጣላም ብለን ሁልጊዜ የምንቀልደው ነው።

«እዛች ምሥራቅ በኩል ያለችው ሜዳህ» አለኝ ጉረሮውን ጠርጎ፣ «ምን ልታረጋት ነው?»

«ታውቅ የለም እንዴ? አራት ክፍል ለእንግዶች። መሠረቱን እኮ አብረን ነው የቆፈርነው። ጧት በመስኮት አርዲቦን የሚያዩበት።»

«እንግዳ የለም አልክ።»

«ይመጣል። አገር ሰላም ይሆናል። እነሱ መስጊዱን ካፈረሱት ግን ምን ሊያዩ ይመጣሉ?»

አሣውን እሾህ በእሾህ ለየና «እኔስ እንጃ» አለ። ቀጥሎ «እና ሜዳዋ...» ሲል ነገሩን ወደ ምሰሶው መለስኩት። ቃልህ ቃል ነው ወይ? አልኩት። «ቃሌማ ቃል ነው» አለኝ። ወደ ሳህኑ እያየ ነው ያለው፣ ግን አሣ ሲበላ ሁሌም እንዲህ ነው።

ሰው ሁሉ ያችን መሬት ለምን እንደሚያነሣ አይገባኝም። ባለፈው አጥሩን የነቀነቀው ደግሞ ጎርፍ ብቻ አይመስለኝም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ነው ነገሩ።

ጳጉሜ 4

የሜዳዬ የአጥር በር ተከፍቶ አገኘሁት። ሰው ገብቶ በገመድ ለክቷል። በመሠረቱ ጥግ ችካል ተክለው ነቅለውታል። ቀዳዳው አለ። ባድሩን ስልክ ደውዬ ሰደብኩት። «ለክተን አየን እንጂ ምን አደረግን? ይበቃል፣ ይተርፋልም። አንድ ቃል ብትናገር እኮ...» ሲል ዘጋሁበት።

መስከረም 5፣ መውሊድ

በአሮጌው መስጊድ የመጨረሻው መውሊድ ነው አሉ። እኔ አይደለም አልኩ በሆዴ።

ማልጄ ወረድኩ። አምሳሉና ወንድሞቹ እንደ ልማዳቸው እንጨት ጭነው መጡ። ድቤው ሲመታ፣ መንዙማው ሲወርድ፣ ሰው ሲወዛወዝ ምሰሶውን ተደግፌ ቆምኩ። ለስላሳ ነው። ስንት ጀርባ ተደግፎት ነው እንዲህ የለሰለሰው! አለቀስኩ። ያየኝም አለ። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው «አይዞህ፣ ገና ጊዜ አለ» አሉኝ። ጊዜ ምን ያደርጋል? ጊዜስ ለነሱ ነው እንጂ ለኔ ምን ይጠቅመኛል።

ባድሩ ጀባ ብሎ ስኒ ሲያቀብለኝ ሳላየው ወደ ጎን አሳለፍኩት። ሸህ አብደላ አይተዋል። ዱዓው ላይ «በመካከላችን የታጠረውን አጥር አላህ ያንሣልን» አሉ። ሁሉም «አሚን» አለ። እኔም አልኩ። ከባድሩ ጋር መኳረፋችንን ማለታቸው ነው።

መስከረም 19

እንግዳ! ከስንት ጊዜ በኋላ እንግዳ! ወደ ግሸን ማርያም የሚሄዱ ባልና ሚስት፣ ጡረተኞች፣ ውጫሌ ከመድረሳቸው በፊት ሐይቅን እንይ አሉ። ሰውየውን እስጢፋኖስ ገዳም አስገባሁት። ሴት ስለማይገባ ወይዘሮዋን እንደ ሁልጊዜው ውኃው ዳር፣ ዋርካው ሥር አስቀምጬ አብሬያት ቆየሁ።

ወሬ ስናወጋ ስለ ቀለም ሜዳ መስጊድ ነገርኳት፣ ስለ ጥዱ፣ ስለ ወልዴ። እንዴት ጥሩ አድርጌ ነገርኳት! አዳመጠችኝና «አንተ ጸሎትህን የምታደርስ እዚያ ነው?» አለችኝ።

«እኔ... የምኖረው ከተማ ነው እትየ። ለበዓል ለበዓል ነው።»

«እንደኔ ነሃ» አለች ሳቅ ብላ። «እኔም ከውጭ ሁኜ ነው የማየው።»

ክፋት አልነበረባትም። ግን ምሳዬን አስጠላችኝ።

የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ አውጥቼ «ስማችሁን ጻፉልኝ» ልላቸው ነበር። ይህ ሁሉ ብሶት ቀጥሎ እንዳለ ትዝ ሲለኝ መልሼ ከተትኩት።

መስከረም 24፣ ዓርብ

አምሳሉ እሽ ብሏል።

ባጃጅ ሹፌሩ ነው የነገረኝ። ሰኞ ጥቅምት አራት ምሰሶው ይወርዳል፣ አምሳሉ ራሱ ቀን ቆርጦላቸዋል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ባድሩ ነጋዴ ነው፣ ይሁን። ሸሁ አርጅተዋል፣ ይሁን። እማ ሴት ናት፣ በረዳት፣ ይሁን። አምሳሉ ግን? አምሳሉ?

ሂዳያ ራት አቀረበች፣ አልበላሁም። «አምሳሉም ከዳኝ» አልኳት። እጇን አፏ ላይ ጭና አየችኝ። «ሰዓድየ፣ እስከ መቸ ነው እንዲህ የምትለው?» አለችኝ። ብላ እያለች ከመለመን ይልቅ ይህን አለችኝ።

መስከረም 25

ሄድኩ። ሳልሄድ አልቀርም ነበር። ቅዳሜ ስለሆነ ወደ እርሻ አልወፈረም፣ ደጁ ላይ ልጆቹ የአተር እሸት ሲፈለፍሉ ተቀምጦ አገኘሁት። ተነሥቶ ወንበር ሊሰጠኝ ሲል «ተወው፣ አልቀመጥም» አልኩት። ልጆቹን ወደ ውስጥ ላካቸው።

«ቃሌ ቃል ነው አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ስንት ሰጡህ?» ይህን ማለት አልነበረብኝም። ብያለሁ፣ ይጻፍ።

ፊቱ ገረጣ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ግን ቁጭ እንዳለ ነው የተናገረው፣ ቀስ ብሎ።

«ሰዓድ፣ እኔ ሦስት ጊዜ መጣሁብህ። ሐምሌ ላይ ደጅህ ድረስ መጥቸ ሂዳያ አልነገረችህም? ነሐሴ ላይ አሣ ስንበላ። መውሊድ ለት ደሞ እንጨቱን አውርጀ ለብቻህ ልይዝህ ብል ሸሸኸኝ። የመጣሁት ስለ አንድ ነገር ነው። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ምሰሶው ነገርኸኝ።»

«ምሰሶውን ልታድን አይደል ቃል የሰጠኸኝ?»

«ልታድነው መስሎኝ እኮ ነው ቃል የሰጠሁህ! እኔ እጀን ስሰበስብላቸው፣ እነሱ ሲጨንቃቸው፣ አንተ ደሞ ታስብበትና መሬቷን ትለቅላቸዋለህ ብየ። ሦስት ወር ጠበቅሁህ። አንተ እኮ ምሰሶው ላይ አይደለም ዓይንህ ያለው። እኔን ነው አጥር ያረግኸኝ።»

ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። ብዙ ጮኽኩ። መሬቱ የኔ ነው፣ የይዞታ ደብተር አለኝ፣ አባቴ ነው የሰጠኝ አልኩ።

«አባትህ ሲሰጥህ እኔም ነበርሁ» አለ አምሳሉ።

ሸንተረሩን ወረድኩ።

«እማ ናት እንደዚህ ያስጠናችው» እያልኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

መስከረም 29

ሰሜኑ ግድግዳ ተደረመሰ፣ ያለ ዝናብ። ሰው አልጎዳም። ባድሩ ደውሎ ነገረኝ፣ አነሣሁለት። «ከእንግዲህ ዘግይቷል፣ ነጋዴውም ብሎኬቱን አዟል፣ ልኩም በአሮጌው ልክ ወጥቷል» አለኝ። አንድ ነገር ልል ፈልጌ ነበር። ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አላልኩትም።

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ላለመሄድ ምዬ ሄድኩ። ቆርቆሮው ቀድሞ ተነሥቷል። አሥራ ሁለቱ የወይራ ዓምዶች ተደርድረው መሬት ላይ ናቸው። ምሰሶው ብቻውን ቆሟል፣ ሰማይ ሥር። ሃያ ዓመት ለእንግዳ ሳሳየው እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

አምሳሉ ነጭ ለብሶ መጣ። ወንድሞቹም አሉ፣ ካህኑም አብረው ወርደዋል። ሸህ አብደላ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ አምሳሉ ጫማውን አውልቆ ሄደና ሁለት እጁን ምሰሶው ላይ አሳረፈ። ግንባሩንም። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ባድሩ ፊቱን አዙሯል። ከዚያ አምሳሉ ራሱ ገመዱን አሰረና «በሉ» አለ።

በገመድ ወደ መሬት ቀስ አድርገው ሲያወርዱት ሴቶቹ እልል አላሉም፣ አላለቀሱም። እማ ብቻ «ላኢላሃ ኢለላህ» ትል ነበር።

ከዚያ ችግር መጣ። ወዴት ይቀመጥ? ረጅም ነው። መቃብር ላይ አይጋደም፣ መንገድ ላይ አይጋደም፣ ገደል አይጣል። ሠላሳ ሰው ተሸክሞት ቆሟል፣ ክብደቱ ያንገዳግዳቸዋል። ሁሉም እያየኝ ነው። ዛሬ ለምን እንደሚያዩኝ አላውቅም ብዬ ልጽፍ አልችልም።

እማ ነጠላዋን አደግድጋ ከሴቶቹ መሐል ወጣች። ወደኔ አላየችም። የሜዳዬን የአጥር በር በእጇ ገፋችውና «እዚህ አግቡት» አለች።

አስገቡት። ለመጀመሪያው የእንግዳ ክፍል በቆፈርኩት መሠረት ውስጥ አጋደሙት። ሲያወርዱት አንደኛውን ጫፍ እኔም ያዝኩ። ማን ያዝ እንዳለኝ አላውቅም። በአጠገቤ የነበረው አምሳሉ ነው። አላናገረኝም፣ ትከሻውን ግን ወደኔ ጠጋ አድርጎ ሸክሙን አቀለለልኝ።

ጥቅምት 5

አሁን ልጻፈው።

አባቴ ሊሞት ሰሞን ወደ ሜዳዋ አውጡኝ አለ። እማ፣ እኔና አምሳሉ ደግፈን አወጣነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «ሰዓድየ፣ በስምህ የማረጋት እንዳትሸጥ ነው» አለኝ። «እንዳታጥራት። አሮጌው መስጊድ ሲደክመው ጎኑን የሚያሳርፍባት ናት። አማና ነው፣ አደራ።» እሽ አባዬ አልኩት። አንድ ዓመት ሳይሞላው አጠርኳት።

ሁሉም ያውቃል። አራት ዓመት ሁሉም እያወቀ ዝም አለኝ። ሐምሌ ላይ ሸህ አብደላ ሲመርቁኝ፣ ሂዳያ ሸሚዙን ስትዘረጋ፣ ባድሩ በገመድ ሲለካ፣ አንድ ቃል ከአፌ እንዲወጣ ነበር የሚጠብቁት። ቤቱ የመጣን ልጅ አያሳፍሩም፤ ልጁንም ስጥ ብለው በአደባባይ አያዋርዱትም። ይህን ሁሉ ገጽ መልሼ አነበብኩት። ከዱኝ፣ ከዱኝ፣ ከዱኝ ይላል።

ዛሬ ጧት ማንም ሳይነግረኝ አጥሩን ነቀልኩ። የአጥሩን ቆርቆሮ እማ ለምትሰግድበት ዳስ ወሰድኩት። ቋሚዎቹ በዝናብ በስብሰው ስለነበር ሳልታገል ወጡልኝ። ስጨርስ ገና ለዙህር ሰላት አልተጠራም ነበር።